«ላነሳ ነው የመጣሁት»

ሸዋርካብሽን ያወቅኋት ነጌሌ ውስጥ ከመለዋወጫ ሱቄ አጠገብ ባለው ፎቶ ቤት ተቀጥራ ስትሠራ ነው። «ቀና በል፣ አገጭህን ዝቅ» ስትል በግድግዳው በኩል ይሰማኛል። ጉርድ ፎቶ ማንሳት ግን አንገሽግሿት ነበር። አንድ የእርዳታ ድርጅት የውሃ ሥራውን በፎቶ የሚያስቀር ባለሙያ እንደሚፈልግ ማስታወቂያ ሲለጥፍ እንቅልፍ አጣች። ዱብሉቅ ድረስ ሄዳ ኤላ የሚባሉትን ጥልቅ ጉድጓዶች፣ ከብቱንና ውሃ ቀጂዎቹን አንስታ ፎቶዎቹን አስገባች።

ፎቶዎቹ ግን ተመለሱላት። የድርጅቱ ቢሮ ኃላፊ ዲቦራ ጠረጴዛ ላይ ደርድራቸው፣ «ሸዋዬ፣ ሰዎቹ ሁሉ ሌባ የመጣ ይመስል ነው የሚያዩሽ። ምን አድርገሻቸው ነው?» አለቻት።

ሸዋርካብሽ ቦታው ለዘመድ ተይዟል ብላ ደመደመች። እኔም አላበረድኳትም። እንዲህ ያለ ነገር ቶሎ ይሸተኛል፤ ማስታወቂያ የሚለጠፈው ብዙ ጊዜ ሰው ከተገኘ በኋላ ነው። ማን እንደሚቀጠር ለማየት ስል ጉዳይ ሳይኖረኝ በዚያ ቢሮ በር እመላለስ ጀመር። ማንም አልተቀጠረም። ማስታወቂያው ፀሐይ እስኪያነጣው እዚያው ቆየ። የምንጠረጥረው ሰው ሲጠፋ፣ እሷ ፎቶዎቹን አውጥታ እንደገና አየቻቸው። እውነትም አንድ የተፈታ ፊት የለም። በጣም ከፋት።

ምክንያቱን ለማወቅ ወደ ዱብሉቅ ተመለሰች። የውሃውን ተራ የሚመራው ጎዳና የሚባል ሽማግሌ ገና ከሩቅ ሲያያት በትሩን ይዞ መንገዷ ላይ ቆመ።

«ናጋ ነዎት፣ አባቴ?» ብላ ሰላም አለችው።

«ናጋ። መኪናው የታለ?»

«የምን መኪና?»

«ከብቱን የምትጭኝበት።»

ሳቋ መጣ፤ እሱ ግን አልሳቀም። በፊት የመጣች ጊዜ፣ «ከብቶቹን ላነሳ ነው የመጣሁት» ብላቸው ነበር። ጎዳና አማርኛ የለመደው ከገበያና ከስብሰባ ነው። ስብሰባ ላይ ደግሞ ሰው ተነሳ ማለት ከቀዬው ለቀቀ ማለት ነው። ያን ሰሞን ድርቁ በርትቶ ከብቱ ሊወሰድ ነው የሚል ወሬም ይናፈስ ነበር። ሸዋርካብሽ ዕድሜዋን ሙሉ ስትለው የኖረችውን ቃል በእሱ ጆሮ ስትሰማው ደነገጠች።

«ሱራ ነው፣ አባቴ። ፎቶ። ከብቱ ከዚህ ንቅንቅ አይልም» አለች ካሜራዋን እያሳየችው።

ጎዳና ካሜራውንም እሷንም አየ። «መጀመሪያ እንዲያ አትይም? አሁን ገባኝ።»

ደስ ብሏት ካሜራዋን ወደ ፊቱ አቀናች።

«እኔን ግን ተይኝ» አለ።

«ለምን?»

«አልፈልግማ።»

ይህን ስትነግረኝ፣ ያልነገረሽ ነገር አለ ብዬ ተከራክሬያታለሁ። እሷ ግን አልጠረጠረችውም። ያ ፊት ሥራውን እንደሚያስገኝላት እያወቀች ካሜራዋን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ጥላ ፈልጋም ተቀመጠች። ውሃ የሚቀዱት ሰዎች ሥራቸውን ሳያቋርጡ ያዩዋት ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሶሲ የምትባል ሴት ጄሪካኗን አስቀምጣ ፊት ለፊቷ ቆመችና ፎቶ እንድታነሳት ጠየቀቻት። በኋላ ዲቦራን ያሳመናት የዚህች ሴት ፎቶ ነው። ያን ሰዓት ግን ሸዋርካብሽ ግራ ገብቷት፣ «አንቺስ አትጠረጥሪኝም?» አለቻት።

ሶሲ በአገጯ ወደ ጎዳና አመለከተች። «እሱ እምቢ ሲልሽ ተውሽው።»