ከእኔ ቀድሞ የደረሰው ሻንጣ

ባለፈው ማክሰኞ፣ የከሰዓቱን ሙቀት ሸሽቼ በረንዳ ላይ ፓፓያ እየቆረጥኩ ሳለ፣ ልጄ ሂክማ ከማሌዥያ ደወለች። ትምህርቷን ጨርሳለች፤ የሚቀራት መምጣት ብቻ ነው። በስልኩ ውስጥ ፊቷ እየሳቀ፣ "አባባ፣ ሻንጣዎቼን ሰኞ ከምትመጣ ልጅ ጋር እልካቸዋለሁ። እኔ ጓደኞቼን በየከተማቸው ዞሬ ልሰናበትና ከሦስት ሳምንት በኋላ እመጣለሁ" አለችኝ።

"ሻንጣሽን እንዳትልኪ!" ብዬ ጮህኩ።

ባለቤቴ ከውስጥ ሮጣ ወጣች። ሂክማ ሳቋን አቋርጣ "ምን ሆንክ?" አለችኝ። ነገ እደውልልሻለሁ ብዬ ዘጋሁት። ልጆቼን በነገር ሁሉ ሳዋራ ኖሬ፣ ይህን አንዱን ግን ነግሬያቸው አላውቅም።

ያኔ ሀያ አምስት ዓመቴ ነበር። ህንድ አገር፣ ፑኔ ከተማ፣ አምስት ዓመት የውኃ ምሕንድስና ተምሬ መጨረሴ ነው። ተመራቂው ተራ በተራ ወደየአገሩ ሲበተን፣ ተስፋዬ የሚባል የአዲስ አበባ ልጅ ሊሄድ ነበርና ትልቁን ሻንጣዬን ሰጠሁት። "ድሬዳዋ ለሚሄድ ሰው አስረክብልኝ። እኔ ትንሽ ቆይቼ እንደምመጣ ይንገርልኝ" አልኩት። ደብዳቤ አልጻፍኩም። ደብዳቤ ድሬ ለመግባት ወር ይፈጅበት ስለነበር እኔው እቀድመዋለሁ ብዬ ነው።

"ትንሽ" ያልኩት ሁለት ወር ሆነ።

ስንብት እንደዚያ ይጣፍጣል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ሰው ሊሄድ ሲል ይወደዳል። አምስት ዓመት ሙሉ በቅጡ ሰላም ብሎኝ የማያውቅ ልጅ ሃይደራባድ ላይ አንገቴን አቅፎ አለቀሰ። አንዱ ጋ ሁለት ቀን አድራለሁ ብዬ ሳምንት እከርማለሁ፤ ከዚያ ሌላው "እኔንስ ሳታየኝ?" ብሎ መልእክት ይልክብኛል። ትንሽ ቦርሳ በትከሻዬ አንጠልጥዬ፣ በመስኮቱ የሚገባው ንፋስ የባቡሩን ጥላሸት ፊቴ ላይ እየለጠፈው፣ ከከተማ ከተማ ዞርኩ። ሻንጣ ስለሌለኝ እንደ ወፍ ቀልዬ ነበር።

የመጨረሻው መዳረሻዬ የራጃን አገር ነበር። ራጃን አራት ዓመት አንድ ክፍል አብሮኝ የኖረ ልጅ ነው፤ ቤተሰቦቹ በደቡብ፣ ባሕር አጠገብ ባለ መንደር ይኖራሉ። እዚያ በደረስኩ በማግስቱ ክረምቱ ገባ። እኔ የድሬ ልጅ፣ ዝናብ ቢዘንብ ሰዓት ሳይሞላው አሸዋ ሲጠጣው ያደግሁ፣ ሳያባራ ስምንት ቀን ሲወርድ አይቼ ጉድ አልኩ። ቀይ ሩዝና በኮኮናት የተሠራ ዓሣ በሙዝ ቅጠል ላይ እያቀረቡልኝ፣ ጣሪያው ሲንጫጫ እየሰማሁ እበላ ነበር። አንድ ቀን የራጃን እናት በእጃቸው ሩዙን እየጨመሩልኝ የሆነ ነገር ጠየቁኝ። ራጃን ተረጎመልኝ።

"እናትህ እዚህ መሆንህን ታውቃለች ወይ ትልሃለች።"

"አዎ" አልኩ። አፌን እንኳ አልያዘኝም።

ከዚያ በቦምቤይ አድርጌ አዲስ አበባ ገባሁ፤ ከአዲስ አበባም በአውቶቡስ ወደ ድሬ ተጓዝኩ። ደንገጎ ቁልቁለቱን ስንጀምር ያ የማውቀው ሙቀት በመስኮት ገብቶ ፊቴን ሲልሰኝ ልቤ ዘለለ። ከመናኸሪያው በጋሪ ሰፈራችን ገንደ ቆሬ ደረስኩ። አዴ ሩቂያ እንደ ድሮዋ ደጃችን ላይ ሳምቡሳ ትጠብሳለች። ጎረቤታችን ናት፤ ከእናቴ እኩል ያሳደገችኝ።

"አዴ ሩቂያ! አሰላሙ አለይኩም!"

ቀና አለች። ጭልፋው ከእጇ ዘይቱ ውስጥ ወደቀ። ተነስታ ወደ ኋላዋ እየሄደች ቁርአን መቅራት ጀመረች።

"ምን ሆነሻል? አብዱ ነኝ እኮ!"

"አብዱማ ሞቷል" አለችኝ። ለእኔው፣ ፊት ለፊት።

ሳቅሁ። ድሬ የቀልድ አገር ነውና ይህም ቀልድ መስሎኝ ከት ብዬ ሳቅሁ። ያ ሳቄ ዛሬም ትዝ ሲለኝ ያሳፍረኛል።

ጩኸቱን ሰምታ እናቴ ወጣች። ግማሽ ሆናለች፤ ሰውነቷ አልቆ ቀሚሱ ብቻ የሚራመድ ይመስላል። አላቀፈችኝም። ጎንበስ ብላ ቁርጭምጭሚቴን በሁለት እጇ ጨበጠችና ዳሰሰችው፤ ሥጋ መሆኑን፣ መሬት መርገጡን ልታይ ነው። ከዚያ ቀና ብላ በጥፊ መታችኝ። ደገመችኝ። ወዲያው እግሬ ሥር አቧራው ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። እኔም እንደ ቆምኩ ቀረሁ።

የሆነውን አዴ ሩቂያ ነገረችኝ። ተስፋዬ ሻንጣውን ወደ ጅቡቲ ለሚወርድ የጭነት መኪና ሹፌር ሰጥቶታል። ሹፌሩ ሶማሊኛ ተናጋሪ ነው፤ አማርኛው ጥቂት፣ ጥድፊያው ብዙ። ሻንጣውን ደጃችን አውርዶ ሲያስቀምጥ እናቴ "ባለቤቱስ?" አለችው።

"ባለቤት ማፊ" አላት።

ማፊ "የለም" ነው፤ አብሮኝ አልመጣም ማለቱ ነበር። ግን ከውጭ አገር ባለቤት የሌለው ሻንጣ ደጅ ሲቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ በእኛ አገር ማንም ማንንም አይጠይቅም። እናቴ ጮኸች። ሰፈሩ ተሞላ። ሹፌሩ ራሱ ሳያውቅ መርዶ የተሸከመ መስሎት፣ ከሰው ጋር አልቅሶ መኪናውን አስነስቶ ሄደ።

አባቴ ግን አላምንም አለ። እንግሊዝኛ አስተማሪውን ጋሼ መኮንንን ይዞ ስልክ ቤት ሄደ፤ ተራ ሲጠብቁ ዋሉ። መስመሩ ሲገኝ ከማዶ የፑኔው ማደሪያችን ጸሐፊ፣ "እሱ ሄዷል፤ ክፍሉንም ለሌላ ሰጥተነዋል" አለ። "ወዴት ሄደ?" ሳይባል መስመሩ ጠፋ። ጋሼ መኮንን ዞረው አባቴን አዩት። አባቴ ፊታቸውን አነበበ፤ እዚያው ወደቀ።

በመስጊድ በሌለሁበት ተሰገደብኝ። ቤት ትቼው የሄድኩት ልብሴ ሁሉ ሰደቃ ተሰጠ። በኋላ ቀፊራ ገበያ ውስጥ የሽንኩርት ጆንያ የተሸከመ ሰው አረንጓዴ ጃኬቴን ለብሶ አግኝቼ፣ ሰላም ብዬው አልፌያለሁ።

"አባዬስ?" አልኩ። እናቴ በእጇ ወደ ጓዳ አመለከተችኝ።

አባቴ ቀፊራ ቅመም ይሸጥ የነበረ ሰው ነው። ድርድር ላይ ሲሞቀው ድምፁ ከገበያው ዳር እስከ ዳር ይሰማ ነበር። ፍራሽ ላይ ጋደም ብሎ አገኘሁት፤ ቀኝ ጎኑ አይንቀሳቀስም፤ አንደበቱም የለም። አጠገቡ ተንበረከክሁ። ግራ እጁ ግንባሬን፣ አፍንጫዬን፣ ጆሮዬን ቀስ እያለ ዳሰሰ። አፉን ከፈተ። ድምፅ ወጣ፤ ቃል ግን አልሆነም። እንደገና ሞከረ፤ ሦስተኛም ሞከረ። ሲያቅተው ኮሌታዬን ጨበጠና እስከ መግሪብ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ አልለቀቀኝም።

አራት ዓመት ኖረ። መልካ ጀብዱ የውኃ ሥራ አግኝቼ፣ ማታ ማታ እየተመለስኩ አጎርሰው ነበር፤ ገንፎ፣ የተፈጨ ፓፓያ፣ ለብ ያለ የግመል ወተት። በነዚያ ሦስት ሙከራዎች ሊለኝ የፈለገው "እንኳን መጣህ" ይሁን "ምነው እንዲህ አደረግህ" ይሁን፣ እስኪሞት አላወቅሁም። እናቴም ነገሩን አንስታው አታውቅም። እኔም ሻንጣውን መክፈት አቅቶኝ ወር ያህል ግድግዳ ሥር ቆሞ ነበር።

ሂክማ በደወለችልኝ ማግስት እኔው ደውዬ ሁሉንም ነገርኳት።

"አባባ" አለችኝ በመጨረሻ፣ "ያኔ እኮ መገናኛው ስላልነበራችሁ ነው። እኔን በየቀኑ ታየኛለህ።"

ልታጽናናኝ ነው። "እውነትሽን ነው" አልኳት፤ ሻንጣዎቹንም እንድትልካቸው ፈቀድኩላት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን እዚያው ወንበሩ ላይ ብዙ ቆየሁ።

እውነቷን አልነበረም። በዚያ ሁለት ወር ያለፍኩበት ጣቢያ ሁሉ ፖስታ ቤት ነበረው። ወር ፈጅቶም ቢሆን፣ አንድ ደብዳቤ አባቴ አጠገብ ይደርስ ነበር። መጻፉም አልጠፋኝም። ቦምቤይ በገባሁ ቀን፣ የባሕር ሥዕል ያለበት ካርድ መርጬ ገዝቻለሁ። ባንኮኒው ላይ ተደግፌ፣ አሳምሬ ጻፍኩበት፦ "በሰላም ደርሻለሁ፤ ስለ እኔ እንዳታስቡ።"

የላክሁት ሃይደራባድ ለቀሩት ጓደኞቼ ነበር።