አሥር ቀን ያልኩለት ወገብ

በደርግ ጊዜ የጥይት ቁስል አክመሃል ተብዬ ተያዝኩና ከሚሴ፣ ማሽላ ይከማችበት በነበረ የቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ አስገቡኝ። መጀመሪያ ያየሁት በሆዱ የተኛ አንድ የጨፋ ገበሬ ነው። ከሁለት ቀን በፊት፣ እስረኞች ለሚሠሩት መንገድ ድንጋይ ሲያነሳ ወገቡን ይዞት ቀርቷል። መሥራት ያቃተውን ወደ ደሴ ይጭኑታል፤ ተጭኖ የተመለሰ ሰው ግን አላየንም።

የእስር ቤቱ ኃላፊ ድሬሰር መሆኔን ያውቃል። በማግስቱ ጠርቶ ገበሬው በስንት ቀን ወደ ሥራ እንደሚመለስ ጠየቀኝ። መርምሬዋለሁ፤ እግሩ አልደነዘዘም፣ ሽንቱም ደህና ነው። እንዲህ በቅርቡ የያዘ ወገብ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ይለቃል፤ ቀኑን ቆርጦ የሚናገር ግን ጠንቋይ እንጂ ድሬሰር አይደለም። ሦስት ሳምንት ብል እንደሚጭኑት ስለገባኝ አሥር ቀን አልኩ።

"በአሥረኛው ቀን ካልተነሳ ሁለታችሁም ትጫናላችሁ" አለ።

ወገቡ እንዲያርፍ ገበሬውን ተቀምጦ እንዲሰግድ ለመንኩት። ለበሽተኛ እንደሚፈቀድ ከኔ በላይ ያውቃል፤ ግን መቆም እየቻለ ተቀምጦ መስገድ አሳፈረው። በአራተኛው ቀን፣ በቀትሩ የዙህር ሶላት ላይ ጥርሱን ነክሶ ግንባሩን መሬት ሲያስነካ ኃላፊው በሩ ላይ ቆሞ ኖሯል።

"ለሶላት የታጠፈ ወገብ ለድንጋይ እምቢ አለ? ይሄ አሻጥር ነው" አለና ወደኔ ዞረ። "ድኗል ወይስ አልዳነም?"

ፈራሁ። ድኗል ብል እኔ እተርፍ ነበር፤ ልለውም አስቤያለሁ። ግን "አልዳነም፤ ገና ስድስት ቀን ይቀረዋል" አልኩ። ኃላፊው የሱንም ድንጋይ እኔ እንድሸከም አዞ ወጣ።

ቀጣዩ ሶላት ሲደርስ ገበሬው ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠ።

"አብሽር ወንድሜ" አለኝ። "ወላሂ ለወገቤ ብዬ አይደለም የምቀመጠው። ላንተ አንገት ነው።"

በአሥረኛው ቀን ጠዋት ማንም ሳይደግፈው ተነሳ። ትልቁን ድንጋይ መርጦ በኃላፊው ፊት ተሸክሞ አለፈ። ፀሐይ ገና ሳትበረታ ፊቱ በላብ ርሶ ነበር። አመመህ ወይ ብዬ ብጠይቀው "አልሐምዱሊላህ" ብቻ ብሎኝ ሄደ።

ዛሬም ወገባቸውን የያዛቸው ሰዎች መቼ ሥራ እንገባለን ሲሉኝ ቀን መቁረጥ እፈራለሁ። አሥር ቀን ማለቴ ልክ ነበር ወይስ እሱ ለኔ ሲል ልክ አደረገው፣ እስካሁን አላውቅም።