የእጀታው ጠርዝ

ታላቅ እህቴን ፋብሪካ ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ «አይመስለኝም» ነው የሚሏት። ውሃ መጣ ቢሏት አይመስለኝም፤ አሳንሰሩ ተጠገነ ቢሏት አይመስለኝም። ካላየች፣ ካልነካች፣ ገልብጣ ካልመረመረች አታምንም።

ሥራዋ የፕላስቲክ ዕቃ በኮምፒውተር መንደፍ ነው። አንድ ቀን አጠገቧ ተቀምጬ ካየሁ ወዲህ ጆግ እንኳ ዝም ብዬ አላነሳም። ጆግ እኮ ስክሪኑ ላይ አንድ ዕቃ አይደለም! ሆዱ፣ አፉ፣ እጀታው ለየብቻ የተነደፉ ገጾች ናቸው። ገጽ ውፍረት የሌለው ቆዳ ነው በሉት። ቆዳዎቹ ጠርዝ ለጠርዝ ሲጣመሩና ቀዳዳ ሲጠፋ፣ ፕሮግራሙ ውስጡን ሞልቶ ድፍን አካል ያደርገዋል። እኔን ያስገረመኝ ግን ጠርዞቹ ፍጹም የማይገጥሙ መሆናቸው ነው። ስለዚህ «ይህን ያህል ክፍተት ካገኘህ እንደተዘጋ ቁጠረው» የሚል ቁጥር ይሰጡታል። የእህቴ ቁጥር የሚሊሜትር አንድ መቶኛ ነው። ቁጥሩን ከፍ ቢያደርጉት ፕሮግራሙ እሺ ይላል፤ ክፍተቱ ግን እዚያው አለ፤ በኋላ ዕቃውን ያበላሻል።

ባለፈው ወር አንድ ሞልድ፣ ፕላስቲኩ ቀልጦ የሚገባበት የብረት ቅርጽ ማለት ነው፣ ተበላሽቶ ተጣለ። ጥፋቱ የማን እንደሆነ አልታወቀም። ሥራ አስኪያጁ ሁለቱን ነዳፊዎች ጠርቶ፣ «ሌላ ብረት ብታበላሹ ንድፉን ውጭ አሠራለሁ፤ እናንተም ወደየቤታችሁ» አላቸው።

ሁለተኛው ነዳፊ ከእህቴ ጥቂት ዓመት የሚያንስ፣ ቃል ከአፉ የማይወጣ ሰው ነው። በአዲሱ ጆግ እሷ እጀታውን፣ እሱ ሆዱንና አፉን ነድፈው፣ ማጣመሩ የእሱ ድርሻ ሆነ። ሦስት ቀን ሙሉ አልዘጋ ያለው ጆግ፣ እህቴ ምሳ በልታ ስትመለስ ተዘግቶ ጠበቃት።

«ምን አድርገህ ነው?»

«በቃ ገጠመ፣ እትዬ» አለ፣ ቀና ሳይል።

ቀና አለማለቱ አልጣማትም። ስታልፍ አንድ መስኮት ከስክሪኑ ላይ ቶሎ ሲዘጋ አይታለች። የሞልዱን ብረት በማሽን ከሚቆርጠው ከፍሬዛ ሠራተኛው ጋር ሲንሾካሾክም አይታለች። «ብረቱ ሲበላሽ በእኔ ሊያላክክ ነው» ብላ ደመደመች።

ፍሬዛ ሠራተኛው በሩ ላይ ቆሟል። «ብረቱን አስሬ እየጠበቅሁ ነው፣ ፋይሉን ላኩልኝ እንጂ! አንቺ ሠርግሽ ላይም ‹አይመስለኝም› ነው ያልሽው አሉ።»

«ባሌን ጠይቀው። አሁን ትንሽ ቆይ።»

ፋይሉን ከፍታ ቁጥሩን አየች። ግማሽ ሚሊሜትር!

«ያዝኩህ!»

የነዳፊው ፊት ቀላ። እሷ ቁጥሩን ወደ መቶኛው መልሳ ገጾቹን እንደገና አጣመረች። ጥንድ ያላገኘ ጠርዝ በቀይ ይታያል። አንድ ቀይ መስመር በራ፣ የእጀታው ሥር ላይ። ለካች። የእጀታው ጠርዝ ሆዱ ላይ ሳይደርስ በሦስት አሥረኛ ሚሊሜትር ቀርቷል። ሰኞ ለጣት ቦታ ላስፋ ብላ እጀታውን ያንቀሳቀሰችው ራሷ ናት።



«ለምን አልነገርከኝም?» አለች፣ ድምፅዋ ወርዶ።

«እጀታሽ አጭር ነው ብልሽ ምን ትይኝ ነበር?»

«አይመስለኝም!» አለ ፍሬዛ ሠራተኛው ከበሩ፣ ድምፅዋን አስመስሎ። ነዳፊው ሳያስበው ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን ዋጠ። «ቁጥሩን ማስፋቴ ግን ጥፋት ነው፣ እትዬ። ፈርቼሽ ነው።»

እህቴ እጀታውን አስረዝማ ጠርዙን ሆዱ ላይ አሳረፈችና ወንበሯን ለቀቀችለት።

«አንተ አጣምር። በመቶኛው። ከዚያ የእኔን ፈትሽ።»

አጣመረ፤ ጆጉን ስክሪኑ ላይ ለሁለት ቆርጦ ውስጡን አየ፤ አዟዟረው። ቀይ የለም።

«ገጥሟል» አለ።

እህቴ አፏን ከፈተች፤ ፍሬዛ ሠራተኛውን አየችና መልሳ ዘጋችው።

«ላክለት» አለች።

ብረቱ ያን ቀን ተቆረጠ፤ ሞልዱም ደህና ወጣ። ሁለቱም እስከ ዛሬ እዚያው ይሠራሉ። የባለፈው ወር ሞልድ ፋይል ግን ኮምፒውተሯ ላይ አለ። ሁሉን ገልብጣ የምትመረምረው እህቴ ያንን እስካሁን አልከፈተችውም።