የእንደሻው ቤዝ እና የእማማ አባይነሽ ወንበር

አሰላ ውስጥ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት፣ እንደሻው የሚባል ሰው አለ። አሥራ አራት ዓመት እዚያው መደርደሪያ መሀል ሠርቷል። ፋይል እስካልጠፋ ድረስ መኖሩን የሚያስታውስ የለም። ፋይል የጠፋ ዕለት ግን ከኃላፊው ጀምሮ እስከ ጥበቃው ድረስ «እንደሻው የት ሄደ?» ይላል። ይህ ሰው ቅዳሜና እሁድ ሲደርስ እንኳ ትንሽ ይታያል ብላችሁ እንዳታስቡ። ቅዳሜና እሁድ በሠርግ ባንድ ውስጥ ቤዝ ጊታር ይጫወታል። ቤዝ ደግሞ የባንድ መዝገብ ቤት ነው። ስሙን ያወጡለት ሰዎች እንዳሻው እንዲሆን ተመኝተው ነበር፤ እስካሁን ጊዜ አላገኘም።

ቤዙን የገዛበትን ቀን ለመጣ እንግዳ ሁሉ ሚስቱ ናዝሬት ታወራዋለች። አዲስ አበባ አንድ የሙዚቃ ዕቃ መሸጫ ገቡ። ሻጩ ፊት የሚያሳይ ቀይ ቤዝ ከግድግዳ አውርዶ «ወንድሜ፣ ይሄ ላንተ የተሠራ ነው» አለው። እንደሻው ድምፅ ማጉያ አልጠየቀም። አገጩን የቤዙ ጫፍ ላይ ተክሎ ወፍራሙን ክር መታና ዓይኑን ጨፈነ። ቀዩን መለሰ። ከዚያ ጥግ ላይ አቧራ የጠጣ፣ ቀለሙ የተላላጠ ጥቁር ቤዝ አንስቶ እንደገና አገጩን አስደገፈ። «ይሄኛው ጥርሴ ድረስ ይመጣል» አለ። ሻጩ ናዝሬትን አያት፤ ናዝሬት ደግሞ ጣሪያውን አየች። ጥሩ እንጨት ከጆሮ በፊት በአጥንት ይሰማል ብሎ ሊያስረዳቸው ሞክሮ ነበር፤ ማንም አልሰማውም።

ቤት ሲደርስ አማቱ ክሮቹን አንድ በአንድ ቆጠሩ። «የሰው ጊታር ስድስት አለው። ያንተን ሁለቱን ምን አረጓቸው? ደረሰኝህን ይዘህ ተመለስ እንጂ!» አሉት። የቤዝ ክር አራት ነው ብሎ ቢምልም አማቱ እስከ ዛሬ አልተቀበሉም። ልጃቸው የተታለለ ሰው እንዳገባች ያምናሉ።

ለዚያ ጥቁር ቤዝ የሚያደርግለትን እንክብካቤ ያየ ግን ተታለለ አይልም። የአርሲ አየር ለእንጨት አይመችም። በቆጂ ላይ ብርዱ የቤዙን አንገት ያለምጠውና ክሮቹ ሽቅብ ይነሳሉ፤ ጣት እስኪደማ ካልተጫኑ ድምፅ የለም። በሳምንቱ ዴራ ሲወርዱ ደግሞ ሙቀቱ ወደ ሌላው ያዞረዋል፤ ክሮቹ አንገቱ ላይ ካለው ብረት ጋር እየተጋጩ ይንጫጫሉ። ስለዚህ እንደሻው ከሁሉም ሰው አንድ ሰዓት ቀድሞ ይሄዳል። በትንሽ መፍቻ አንገቱ ውስጥ ያለውን ዘንግ ሩብ ዙር ያዞራል፤ ከዚያ የፋይል ካርቶን ቁራጭ ከክሩ ሥር እያሳለፈ ከፍታውን ይለካል። ካርቶኑ የመሥሪያ ቤቱ ነው። እስካሁን የጠየቀው የለም።

ከሁለት ዓመት በፊት ደግሞ የባሰውን ገዛ። ደብል ቤዝ። ሰው ቆሞ አቅፎት የሚጫወተው፣ ቁመቱ ከእንደሻው፣ ወገቡ ከአማቱ የሚበልጥ ትልቅ የእንጨት ቤዝ። ከአዳማ ወደ አሰላ በሚኒባስ ጣሪያ ላይ ታስሮ ነው የመጣው። ዴራ ላይ ረዳቱ «ወራጅ አለ?» ብሎ ቢጮህ፣ ከኋላ ወንበር አንዱ «ላይ ያሉትን ሰውዬ ጠይቃቸው» አለ። አንድ ጊዜ ሁሩታ ለሠርግ ይዞት ሄደና ሲመለስ የሚጭነው አጣ። የባጃጁ ሾፌር በስንዝር ለክቶት ስቆ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ሳሎን ጥግ ቆሟል፤ ናዝሬት ነጠላዋን አንገቱ ላይ ትሰቅልበታለች። እሁድ እሁድ ብቻ ነጠላውን አውርዶ፣ ደረቱን አስጠግቶ ይጫወተዋል።

አሁን ወደ ይበልጣል እንምጣ። ይበልጣል የባንዱ አለቃና ኪቦርድ ተጫዋች ነው። ስምን መልአክ ያወጣዋል የሚባለው እንዲህ ላለው ሰው ነው። ድንች የሚወድ ሰው ቢያገኝ እሱ ይበልጥ እንደሚወድ ይናገራል። ባለፈው ዓመት አዲስ ኪቦርድ ገዛና፣ በአንድ ልምምድ ላይ የግራ እጁን አንስቶ ለሁሉም አሳየ።

«ይሄ እጅ ሥራ ፈት ነበር» አለ። «ከእንግዲህ ቤዙን ይመታል። እንደሻው ወንድሜ፣ አትቀየመኝ። አንተና ያ የማጉያ ሣጥንህ መኪናውን ግማሽ ትሞላላችሁ። ለመሆኑ ቤዝ ሰምቻለሁ የሚል እንግዳ አይተህ ታውቃለህ?»

እንደሻው ከባንዱ ከወጣ የሚቀረው መዝገብ ቤቱ ብቻ ነው፤ እሱን አሰበና ፈራ። መከራከር ደግሞ አይችልበትም። ያወጣው ቃል አንድ ብቻ ነበር።

«ይሰማሉ» አለ።

«እንወራረድ!» አለ ይበልጣል። ውሉ እንዲህ ሆነ። በሚቀጥለው ቅዳሜ የአቶ ወልደጻድቅ ልጅ ታገባለች። እንደሻው መድረክ ላይ ይቆማል፤ የቤዙ ገመድ ግን ይነቀላል፤ የሚጫወት ያስመስላል። ቤዙን የይበልጣል ግራ እጅ ይመታል። ሦስት ዘፈን እስኪያልቅ ከእንግዶቹ አንድ ሰው በራሱ አፍ «የጎደለ ነገር አለ» ካላለ እንደሻው ከባንዱ ይወጣል። አንድ ሰው ካለ ግን፣ «ያንን ሳሎንህ ውስጥ የቆመ ግንድ ራሴ ተሸክሜ የፈለግከው ቦታ አደርስልሃለሁ» አለ ይበልጣል። ዘፋኟ ኤፍራታ ዳኛ ሆነች። ለማንም ትንፍሽ እንዳይሉ አማለቻቸው።

ቅዳሜ፣ ከምሳ በፊት፣ አዳራሹ ሞላ። ይበልጣል እንደ ልማዱ እንደሻውን ወደ ዳር ገፍቶ የወጥ ቤቱ በር አጠገብ አቆመው። የቤዙ ማጉያ፣ ያ መኪናውን ይሞላል የተባለው ሣጥን፣ ከጎኑ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ኪቦርዱና ዘፈኑ የሚወጡት ግን መድረኩ ግራና ቀኝ፣ ከፍ ካለ እግር ላይ ከቆሙት ሞንታርቦዎች ነው።

ከሣጥኑ ጎን አንዲት ወንበር ነበረች፤ ወንበሯ ላይ ደግሞ የሙሽራዋ አያት፣ እማማ አባይነሽ። አሰላ ውስጥ እሳቸው ያልተጠሩበት ሠርግ የለም። ዓይናቸው ደከም ብሏል፤ በሄዱበት ሁሉ የሚቀመጡት እዚያው፣ ወጥ ቤቱ በር ጋ ነው። እንደሻው ለባንዱ ልጆች «እማማ ጥብሱን መጀመሪያ ለማየት ነው» እያለ ሲቀልድባቸው ሁለት ዓመት ሆኖታል።

አንደኛው ዘፈን ተጀመረ። እንደሻው ጣቱን በዝምታ ክሮቹ ላይ ያመላልሳል። ሕዝቡ ተነስቶ ጨፈረ። ማንም ዘወር ብሎ አላየውም። ዘፈኑ አለቀ፤ ተጨበጨበ። ይበልጣል በግራ እጁ አንድ ጣት አሳየው።

ሁለተኛው የባሰ ሆነ። አንድ ጎልማሳ እየተወዛወዘ መጥቶ የሃምሳ ብር ኖት ምራቁን ነክቶ እንደሻው ግንባር ላይ ለጠፈለት። «ቤዙ ቀወጠው!» አለ። ኤፍራታ ሳቋ አምልጧት ስንኙን ዘለለችው። እንደሻው ብሩ ግንባሩ ላይ እንደተለጠፈ፣ ድምፅ በሌለው ቤዝ፣ ላልተጫወተው ጨዋታ ተሸልሞ ቆመ። እውነትም ማንም አይሰማም ማለት ነው። አሥር ዓመት ሙሉ ለራሴ ብቻ ነው የተጫወትኩት ብሎ አሰበ። ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ሰው እንዳያይበት ክሩን የሚቃኝ መስሎ አቀረቀረ።

ሦስተኛው ተጀመረ። አርሲዎቹ አንገታቸውን የሚሰብቁበት፣ አዳራሹን የሚያነቃንቀው ዓይነት ነው። ይበልጣል ከወዲሁ ፈገግ ብሏል። ዘፈኑ ግማሽ ሲደርስ እማማ አባይነሽ ጎንበስ አሉና ወለሉን አዩ። ጫማቸውን አውልቀው ባዶ እግራቸውን ወለሉ ላይ ጫን አደረጉ። ሣጥኑን በመዳፋቸው ነኩት። ከዚያ ጫማቸውን አጠለቁ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ከዘራቸውን ተደግፈው ብድግ አሉ፣ እጃቸውንም ወደ ላይ ዘረጉ።

«እንግዲህ ደስ ብሎን ዋልን» አሉ፣ ጆሮው የከዳው ሰው በሚጮኸው ጩኸት። «ሙዚቀኞቹም ሄደዋል። ልጆቼ፣ ውለዱ ክበዱ! ጋብቻችሁን የአብርሃምና የሣራ ያድርግላችሁ!»

የትልቅ ሰው ምርቃት አይቋረጥም። ኤፍራታ ዘፈኑን አቆመች፤ ይበልጣል እጁን አነሳ። አምስት መቶ ሰው ቆሞ «አሜን!» አለ። የመሰነባበቻው ምርቃት የመሰላቸው ዘመዶች ጋቢያቸውን መሰብሰብ ጀመሩ። ሙሽሮቹ ተያዩ። ወጥ ቤት ያለችው ሴትዮ ጭልፋዋን እንደያዘች ብቅ ብላ «ምነው፣ ምግቡስ?» አለች። ከሁሩታ የመጡ አንድ ሽማግሌ «ማል ታኤ? ምን ሆነ? ባዶ ሆዳችንን ልንመለስ ነው?» እያሉ ሁለት እጃቸውን ዘረጉ።

አቶ ወልደጻድቅ እየሮጡ መጥተው እናታቸው ጆሮ ላይ ጮኹ። «እማዬ! ገና ነው! ሙዚቀኞቹ እዚሁ ናቸው!»

«እዚህ ከሆኑ ታዲያ በእግሬ የሚገባው ነገር የታል?» አሉ እማማ አባይነሽ። «ጆሮዬ ከተዘጋ ሰባት ዓመቱ። ሰው ሲወዛወዝ አያለሁ እንጂ ለምን እንደሚወዛወዝ አላውቅም። ከዚህ ሣጥን ጎን ስቀመጥ ብቻ ነው ሠርግ ላይ ያለሁት። ዛሬ ሣጥኑ ሞቷል። ጎድሏል!»

ኤፍራታ በማይክሮፎኑ «ጎድሏል ተብሏል!» ብላ እልል አለች። አዳራሹ ምን እንደተባለ ባይገባውም አብሯት እልል አለ። ይበልጣል ቀኝ እጁንም ግራ እጁንም ኪሱ ከተተ።

እንደሻው ገመዱን ሰካ። ደስ ብሎታል፤ ከደስታው ይልቅ ግን አፍሯል። እሱ ማንም አይሰማኝም ብሎ ሲያለቅስ፣ እኚህ ሴት ሁለት ዓመት ሙሉ አጠገቡ ተቀምጠው እሱን ብቻ ይሰሙ ነበር። እሱ ደግሞ በጥብስ ይቀልድባቸዋል። ወፍራሙን ክር መታ። እማማ አባይነሽ ትክዝ ብለው ወለሉን አዳመጡ፤ ከዚያ ለአምስት መቶው ሰው በእጃቸው «ተቀመጡ! አልሄዱም!» ብለው አዘዙ። ሁሉም ተቀመጠ።

«ይሄ ነገር ስሙ ምንድነው?» ብለው ጠየቁ።

«ቤዝ!» ብለው ጮኹ አቶ ወልደጻድቅ።

«ቤዛ?»

«ቤዝ፣ እማዬ! ቤዝ!»

«እኮ፣ ቤዛ። እውነትም ቤዛ» አሉ እማማ። ይህን ስም እንደ እንደሻው አማት አቋም ማንም ሊያስለውጣቸው አልቻለም። ትልቁም ቤዝ መኖሩን ከኤፍራታ የሰሙት ዘመዶች በምልክት ሲነግሯቸው ደግሞ፣ በማግስቱ ለሚሆነው መልስ ትልቁ ካልመጣ እህል አልቀምስም አሉ።

እሁድ ቀን ይበልጣል ደብል ቤዙን በጀርባው አዝሎ ከእንደሻው ቤት ወጣ። መንገዱ ዳገት ነው። ያየው ሁሉ የአስተያየት ሀብታም ሆነ። አንዷ ቆሎ ሻጭ «ይበልጣል፣ ዛሬስ በለጠህ!» አለችው። ካፊያ ሲጀምር እንደሻው ዣንጥላ ዘረጋና ከኋላ ከኋላ እየተከተለ ቤዙን አስጠለለው። ይበልጣል ብቻ ረጠበ። እንደሻው ይህን ያደረገው ለእንጨቱ ብሎ ነው፤ ቢያንስ እሱ የሚለው እንደዚያ ነው።

ግቢው ሲደርሱ እማማ አባይነሽ በረንዳው ላይ ነበሩ። ያንን የሚያክል ነገር አዝሎ የሚገባውን ሰው ሲያዩ ከወንበራቸው ተነሱ። «መጣህልኝ፣ ቤዛዬ!» ብለው ይበልጣልን አንገቱን አቅፈው ሳሙት። ራሱን ዳበሱት፤ መረቁት። ዘመድ ሁሉ አጨበጨበለት። ኤፍራታ እንደሻውን አየችው። እንደሻው ለምዶታል፤ ነጠላውን ከቤዙ አንገት አውርዶ መቃኘት ጀመረ።

ይበልጣል መመረቅ የሚጠላ ሰው አይደለም። አፉን ከፈተ፤ ሊቀበል ነው ብለው ሁሉም ጠበቁ። ከዚያ አፉን ዘጋ። የእማማ አባይነሽን እጅ ይዞ ቀስ ብሎ ወደ ቤዙ ወሰዳቸውና መዳፋቸውን የእንጨቱ ጀርባ ላይ አኖረው። በዓይኑ ለእንደሻው ምልክት ሰጠ። እንደሻው ወፍራሙን ክር ሳበ።

እማማ ደነገጡ። ሌላውን እጃቸውንም ጨመሩ፤ ቀጥሎ ጉንጫቸውን ለጠፉ። እንደሻው በእሳቸው የልጅነት ዘመን ይዘፈን የነበረውን የሠርግ ዜማ በዝግታ ተጫወተላቸው፤ ከንፈራቸው ግጥሙን ይከተል ጀመር። ሰባት ዓመት ሙሉ ወለሉን እንጂ ዜማውን አልሰሙም ነበር። እንባቸው በእንጨቱ ላይ ወረደ፤ እንደሻውም አብሮ አለቀሰ፤ ዛሬ ማቀርቀር አላስፈለገውም።

ሲያበቃ እማማ አባይነሽ ይበልጣልን ቀና ብለው አዩት። ይበልጣል ወደ ትከሻው እያመለከተ፣ ጆሯቸው ሥር «እኔ ተሸካሚ ነኝ፣ እማማ! ተሸካሚ!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ ጣቱን ወደ እንደሻው ቀሰረ።

እማማ አባይነሽ እንደሻውን ከራሱ እስከ እግሩ፣ ከእግሩ እስከ ራሱ ለረጅም ጊዜ አዩት።

«አንተ ነህ እንዴ?» አሉ በመጨረሻ። «ከወጥ ቤቱ በር የማትጠፋው? እኔኮ ሁለት ዓመት ሙሉ ጥብሱን የምትጠብቅ ይመስለኝ ነበር!»