ቅርፊቱን ፍቄ የላክሁት ዓሣ

ዓሣ ማጥመድ የጀመርሁት ጣሊያን ከወጣ በኋላ ነው። አዘዞ ላይ የማኪና መንገድ ስንጠግን አብሮኝ የሚሠራ ሰው አንዲት መንጠቆ ሰጠኝ፤ ከዚያ ወዲያ ከሥራ በተፈታሁ ቁጥር መገጭ ወንዝ መውረድ ሆነ። ሸንበቆ፣ ሲባጎ፣ በቅጠል የተጠቀለለ ትል፣ ሌላ ምንም የለኝም። ለሆዴ ብዬ አልነበረም። ውሃ ዳር ዝም ብሎ መቀመጥ ደስ ይለኛል። በእኛ አገር ግን ባለ ርስት ሰው ዓሣ ሲያጠምድ ማየት ያስቃል። "ምነው፣ በሬህ ሞተ?" ይሉኛል። እኔ ደግሞ ሲስቁብኝ ይብስብኛል።

አንድ ቀን ክንድ የሚያህል ዓሣ ያዝሁ። ለታላቅ ወንድሜ ይሁን አልሁ፤ ቤቱ ከወንዙ ማዶ ነው። ሚስቱ እንዳትቸገር ቅርፊቱን በቢላ ፍቄ፣ ራሱን ቆርጬ፣ ሆዱን አጥቤ፣ በኮባ ቅጠል ጠቅልዬ በጎረቤት እጅ ላክሁለት።

ቅርፊት የሌለው ዓሣ እኛ ዘንድ አይበላም፤ ኦሪት የከለከለው ነው። ቅርፊት አልባው አምባዛ ሲያዝልኝ እኔም መልሼ ወደ ውሃው ነው የምለቀው። ወንድሜ ታዲያ ቅጠሉን ሲፈታው የተላጨ ለስላሳ ነገር አየ፤ ለውሻ ጣለው። ያስ ባልከፋ። በወሩ፣ በማርያም ማኅበር፣ ሰው ሁሉ በተቀመጠበት "ወንድሜ አምባዛ ሊያበላኝ ነበር" አለ። ቤቱ በሳቅ አለቀ።

"ፍቄው ነው" ብል ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። አላልሁም። አንድ ጡት የጠባን ሰዎች፣ እንዴት ይጠረጥረኛል? ዋንጫዬን አስቀምጬ ወጣሁ። ስምንት ወር አላናገርሁትም። እሱ ማኅበር በመጣ ወር እኔ እቀራለሁ።

በኋላ ተራው ዞሮ እኔ ቤት ደረሰ። ከቤቴ የት እቀራለሁ? በዋዜማው የማኅበሩ ቄስ መጡ።

"ጽዋው በተጣሉ ሰዎች መካከል አይነሣም" አሉኝ። "ወንድምህን ይዘህ ቆይ።"

"የሰደበኝ እሱ ነው አባ፣ እሱ ይምጣ።"

"እንግዲያስ ጠላህን ብቻህን ጠጣው።"

ሚስቴ ከጓዳ ሰምታለች። "ሁለት ጋን ጠላ ብቻውን!" አለች። "በል ወንዝህ ሂድ፣ እዚያ የሚቆጣህ የለም።"

ሄድሁ። ገና አንዴ ስጥል መንጠቆዋ ድንጋይ ሥር ገብታ ተያዘች። ጎተትሁ፤ ባሰባት። ስናደድ ደግሞ አብዝቼ ጎተትሁ። እንዲህ ያለው ነገር መፍትሔው አንድ ነው፤ ማዶ ተሻግሮ ከወዲያ በኩል ቀስ ብሎ መሳብ። ሱሪዬን ሰብስቤ ገባሁ፤ ውሃው ከጉልበቴ በላይ ደረሰ። ከማዶ ሆኜ ሳብ ባደርጋት ወጣች።

እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ለአንዲት መንጠቆ ወንዝ ተሻግሬያለሁ፤ ለወንድሜ ግን ስምንት ወር ሙሉ ከወዲህ ሆኜ ስጎትት ነበር። መባ ይዞ የመጣ ሰው መባውን ትቶ፣ ሄዶ ከወንድሙ ይታረቅ ሲባል በቤተ ክርስቲያን ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ። ሄዶ ነው የሚለው። ይጠብቅ አይልም፤ የበደለው ይምጣም አይልም።

እግሬ እንደራሰ ወጣሁ። ወንድሜ በረት ይጠርግ ነበር።

"አያ፣ እንደምን ዋልህ።"

ሸንበቆዬን ዓይቶ "ምነው፣ ሌላ አምባዛ አመጣህልኝ?" አለ።

ልመለስ ዳድቶኝ ነበር። "ያ ዓሣ ቅርፊት ነበረው" አልሁት።

"አላየሁበትም።"

"የፋቅሁት እኔ ነኝ። ለሚስትህ ብዬ።"

መጥረጊያውን ተደገፈ። "ታዲያ ስምንት ወር አፍህ የት ሄዶ ነበር?"

"አንተስ ብትጠይቀኝ ምላስህ ይቆረጥ ነበር?"

ሚስቱ ከውስጥ ጮኸች፦ "ውሻው እንኳ ሸጋ ነው ብሎ በላው!"

ወንድሜ ላለመሳቅ ታገለ፤ ጢሙ አጋለጠው። "ነገ ስንት ሰዓት ነው ማኅበሩ?" አለኝ፤ ሰዓቱን ሳያውቀው ቀርቶ አይደለም።

በማግሥቱ ከአንድ ጽዋ ጠጣን። ይቅር በለኝ አላለም፣ እኔም አላልሁም፤ አሁን ሳስበው ሁለታችንም ማለት ነበረብን። እግዚአብሔር ልብ ያያል፤ ሰው የሚያየው ቅርፊቱን ነው። እኔ ቅርፊቱን በገዛ እጄ ፍቄ፣ ለምን አላየኸውም ብዬ ነው ያኮረፍሁት። ውሃ ዳር ስቀመጥ ዛሬም ይህ ነገር ይመላለስብኛል።

ከዚያ በኋላ ለወንድሜ ዓሣ የምልከው እንደተያዘ፣ ከነቅርፊቱ ከነራሱ ነው። ተቀብሎ አገላብጦ ያየውና "አሁን አመንሁ" ይላል። ሚስቱ ቢላዋን ይዛ "እናንተ ታረቃችሁ፣ እኔ እጄ ተላጠ" ትለኛለች።