ምራቷን ያስወቀሰ ስፌት

ሆሳዕና ውስጥ ኮምፈርት የሚሰፋበት ቤት ሥራ የጀመርኩ ቀን ማሽኑ ላይ አላስቀመጡኝም። አበበች የምትባል ነባር ሰፊ አጠገቧ አቁማ የክር ማጥበቂያውን ብሎን አሳየችኝ።

«የላይኛውና የታችኛው ክር መያያዝ ያለባቸው ጥጡ መሃል ነው። የታችኛው ወደ ላይ ወጥቶ ከታየሽ፣ የላይኛው ጠብቋል። የላይኛው ከሥር ከተንጠለጠለ ላልቷል። ትንሽ ትንሽ እያዞርሽ ሞክሪ፤ አትቸኩዪ» አለችኝ።

እሷ ሥራ ስትለቅ ማሽኑ በእኔ ኃላፊነት ሆነ። ጠዋት ጠዋት ቁርጥራጭ ጨርቅ ላይ እየሰፋሁ ክሩን አስተካክላለሁ። ምሳ በልቼ ስመለስ ብሎኑ ላልቶ ይጠብቀኛል። የሚያላላው ባለቤቱ ጋሼ ደምሴ ነበር። ጠበቅ ያለ ክር አልፎ አልፎ ይበጠሳል፤ ሲበጠስ ማሽኑ ይቆማል። እሱ ደግሞ፣ በተለይ በሠርግ ወቅት፣ የቆመ ማሽን ማየት አይወድም።

«ጋሼ፣ እንዲህ ላልቶ የተሰፋ አንድ እጥበት አይችልም» አልኩት።

«ሙሽራ ኮምፈርት አልጋ ላይ ታሳምርበታለች እንጂ መች ታጥበዋለች? አንቺ ዝም ብለሽ ስፊ!»

ደሜ ፈላ። መልሼ አጠበቅኩት፤ ዞር ስል መልሶ አላላው። ከዚህ ሰው ጋር ስንት ጊዜ እንዲህ ስንጓተት ከረምን!

አንድ ቀን አንዲት እናት ምራታቸውን አስከትለው ከፎንቆ መጡ። ከማዳበሪያ ውስጥ አንድ ኮምፈርት አወጡ። ስፌቱ ተተርትሮ ጥጡ አንድ ጥግ ላይ ተከማችቷል።

«ሠርጓ ላይ ስንቱ ሰው ያደነቀው ነው። አንዴ አጥባ እንዲህ አደረገችው! ጎረቤቱ ሁሉ እጇ ንብረት አያውቅም እያለ ያማታል። እኔስ ምን ብዬ ላስተባብል?» አሉ።

ልጅቷ አንገቷን ደፍታ ቆማለች። እኛ ጋ አዲስ ምራት አማቷ ፊት አትከራከርም፤ ብትበደልም ዝም ነው። ጋሼ ደምሴ ያገሩ ልጅ ነው፤ ይህን ጠንቅቆ ያውቃል።

ኮምፈርቱን ገለጥ ገለጥ አደረገና «ፈትጋ አጥባው ነው። የእኛ ስፌት እንዲህ አይሆንም» አለ።

የልጅቷ እንባ ጫማዋ ላይ ጠብ አለ። መልስ መስጠት እንደማትችል እያወቀ የራሱን ጥፋት በእሷ ላይ ይለጥፋል? ነውር አያውቅም?

ከመደርደሪያው ውሃ ያልነካው አዲስ ኮምፈርት አወረድኩ። ገልብጬ የታችኛውን ክር ጫፍ ያዝኩና ሳብኩት። ከዳር እስከ ዳር ተመዞ ወጣ።

«እማማ፣ ይሄንንስ ማን አጠበው?» አልኳቸው።

ሴትዮዋ ቀጣዩን መስመር ራሳቸው ሳቡት። እሱም ወጣ። ወደ ጋሼ ደምሴ ዞረው «የልጅ ትዳር ልታፈርስ ነበር!» አሉት። ከዚያ የምራታቸውን እጅ ያዙ።

«ነይ ልጄ። ጎረቤቱን አሁን እኔው ሰብስቤ እነግራቸዋለሁ።»

እነሱ እንደወጡ ጋሼ ደምሴ «ቤቴን አዋረድሽው፤ ሁለተኛ እንዳላይሽ!» ብሎ አባረረኝ። ያዋረደውስ የራሱ እጅ ነው። ዛሬም ትዝ ሲለኝ ያንገበግበኛል።

ለሙያው አዲስ ለሆናችሁ የምለው ይኼው ነው፦ ሰፍታችሁ ስትጨርሱ የታችኛውን ክር ሳቡት። ከተመዘዘ፣ አለቃ ቢቆጣም ፈታችሁ እንደገና ስፉት። ላልቶ ከወጣ የሚወቀሰው ሰፊው አይደለም፤ ያጠበችው ናት።