ሞምባሳ ላይ የተገደፈ ፍልሰታ

አምስት ነበርን። አባቴ ወርቁ፣ ናይሮቢ መሃል ከተማ አራት ጠረጴዛ ያላት ምግብ ቤት የነበረው። እናቴ አስካለ፣ የዚያች ምግብ ቤት ወጥ ሠሪም ገንዘብ ተቀባይም። ጋሽ ደምሴ፣ የአባቴ ጓደኛ፣ ጊጊሪ በሚባል ሰፈር የውጭ አገር ሰዎችን የሚያመላልስ ሾፌር፣ ሆዱን የሚወድ ወንደላጤ። እህቴ ሜሮን፣ የአምስት ዓመት ልጅ፣ ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በስዋሂሊ የምታወራ። አምስተኛው እኔ ነኝ፤ ዐሥራ አንድ ዓመቴ ነበር።

ጋሽ ደምሴ ካሳራኒ ሰፈር ወዳለው ቤታችን በመጣ ቁጥር የሞምባሳን ዓሣ ሳያነሳ አይሄድም። “ከባሕር ወጥቶ ነፍሱ ሳትወጣ ነው እሳት ላይ የሚያርፈው” ይለን ነበር፤ እኛም ምራቃችንን እንውጣለን። በመጨረሻ ትምህርት ቤት ሲዘጋ መኪና ተዋሰና፣ “ቅዳሜ ማለዳ ወጥተን፣ ዓሣ ስንበላ ውለን አድረን፣ እሁድ እንመለሳለን” አለ። ቀኑን የቆረጠው ግን በመሥሪያ ቤቱ በፈረንጅ ካላንደር ነበር።

በዚያ ዓመት ቤታችን ትልቅ ነገር ይጠብቅ ነበር። እናትና አባቴ በቁርባን አልተጋቡም። እናቴ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ “እንቁረብ” ስትል፣ አባቴ “ይደርሳል” ሲል ኖሮ፣ ያን ዓመት እሺ አለ። ፍልሰታን በሥርዓት ጾመው፣ በበዓሉ ቀን ከነልጆቻቸው ሊቆርቡ ነው። እናቴ ነጭ ቀሚሷን አሰፍታ ሣጥን ውስጥ አስቀምጣለች።

መንገዱን ከአጋመስን በኋላ ሻይ ለመጠጣት ወረድን። ጋሽ ደምሴ ሻይ በወተትና እንቁላል ጥብስ አዘዘ። ያን ጊዜ እናቴ ቀስ ብላ፣ “ደምሴ፣ እንቁላሉን መልሰው። ዛሬ ነሐሴ አንድ ነው” አለች።

አባቴ በጣቱ ቆጠረ። እንደገና ቆጠረ። “እውነቷን ነው። ፍልሰታ ገብቷል።”

“እና ዓሣውስ?” አለ ጋሽ ደምሴ፣ ድምፁ ተሰብሮ።

“ባሕሩ ውስጥ ይቆይሃል።”

“ኧረ አስካለ! ዓሣን እኮ የሚፈቅዱ አባቶች አሉ።”

“አንተን ማን ፈቀደልህ? ንስሐ አባት እንኳ የለህ!”

ሞምባሳ ስንደርስ ሙቀቱ እንደ እርጥብ ፎጣ ፊታችን ላይ ተለጠፈ። አየሩ ጨው፣ ከሰልና የሚጠበስ ዓሣ ይሸት ነበር። ሜሮን ሰባት ዓመት ስላልሞላት ጾም አይመለከታትም፤ “ሳማኪ! ሳማኪ!” እያለች ክንዷን የሚያህል ዓሣ አስገዛች። እሷ በዐሥር ጣቷ ስትበላ፣ እኛ ዙሪያዋን ተቀምጠን የተጠበሰ ካሳቫ በሎሚና በበርበሬ እንቆረጥማለን። ጋሽ ደምሴ አጥንቱን ሲያይ ዓይኑ እንባ ያቀረረ መሰለኝ። ትንሽ ቆይቶ፣ “ጎማውን ልየው” ብሎ ሄደ። አባቴም ሲጋራ ሊገዛ ተነሳ።

እኔ እግሬን ልታጠብ ብዬ ወጣሁ። ኪሴ ውስጥ ሃያ ሽልንግ ነበረችኝ። ከዓሣ ጠባሾቹ ሁሉ የራቀችውን መርጬ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ቁራሽ ገዛሁ። ሁለቴ ጎርሼ ቀና ስል፣ ከእሳቱ ማዶ አባቴ ቆሟል። ዓሣውን በሁለት እጁ ይዞታል፤ ጺሙ በቅባት ያብለጨልጫል። ተያየን። እሱ ማኘኩን ጨረሰና፣ “ጨው ያንሰዋል” አለኝ። ቀጥሎም፣ “ለእናትህ እንዳትነግር።”

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪያችን፣ ጾም ገድፎ ንስሐ ሳይገባ የሚቆርብን ሰው ቁርባኑ እሳት ሆኖ ይበላዋል ብሎናል። የእኔው ቀላል ነበር፤ አልቆርብም። አባቴ ግን ከተናገረ የእናቴ የዐሥራ ሁለት ዓመት ምኞት ይቀራል፤ ካልተናገረ ደግሞ በቁሙ ይነድዳል። አባቴ መቅደሱ ፊት ሲቃጠል እየታየኝ ነጋ።

እሁድ ጠዋት አሮጌው ከተማ ውስጥ አንዲት ምግብ የምትሸጥ ሴትዮ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ያቀረበችልን በኮኮናት ወተት የተሠራ የርግብ አተር ወጥና ሄል የሚሸት፣ እንደ ቦንቦሊኖ የተነፋ ትኩስ ጥብስ ዳቦ ነበር። እናቴ የወጡን ንጣት አይታ እጇን ሰበሰበች። “ወተት ነው!” ሴትዮዋ ስቃ ኮኮናቱን ፊቷ ሰበረችው፤ ፍቃ በውሃ አሽታ ስትጨምቀው ነጭ ወረደ። እናቴ ቀመሰች። ዓይኗን ጨፈነች። “ይሄ እያለልን ነው በየጾሙ በሽሮ ስንገረፍ የኖርነው?” አለች። እንደዚያ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም። እኔ ግን ጉርሻዬን መልሼ ሳህኑ ላይ አስቀመጥኩ።

“ምነው አልበላህም?”

“ትናንት ዓሣ በልቻለሁ።”

እጇ አየር ላይ ቆመ። “ብቻህን?”

“ብቻዬን” አልኩ።

አባቴ ዳቦውን አስቀመጠ። “ውሸቱን ነው። እኔም በልቻለሁ። ዝም በል ያልኩትም እኔ ነኝ።”

ጋሽ ደምሴ ጉሮሮውን ጠረገና ሦስት ጣት አወጣ።

“ሦስት ጉርሻ?” አለች እናቴ።

“ሦስት ዓሣ።”

እናቴ አንገቷን ደፋች። ቁርባኑ ቀርቷል ልትል ነው ብዬ ጠበቅሁ። አንገቷን እንደደፋች፣ “ቀኑን አውቅ ነበር” አለች። “ገና ከቤት ሳንወጣ። ብናገር ጉዞው ይቀራል ብዬ ዝም አልኩ። ባሕር አይቼ አላውቅማ።”

አባቴ እጇን ያዘ። “ታዲያ አንቺም ከእኛው ነሽ።”

“ከእናንተው ነኝ። ማክሰኞ ሁላችንም ንስሐ አባታችን ጋ እንሄዳለን።”

ሄድን። አባ ሰምተውን ሲያበቁ ለእያንዳንዳችን ቀኖና ሰጡን፤ ጋሽ ደምሴም ንስሐ አባት የያዘው ያን ቀን ነው። በበዓሉ ቀን እናትና አባቴ ነጭ ለብሰው ቆረቡ። አባቴ አልነደደም። የኮኮናቱም ወጥ ረቡዕና ዓርብ የምግብ ቤታችንን አራት ጠረጴዛ ሞልቶ ሰው ደጅ ያስጠብቅ ጀመር።

ዛሬ የሦስት ልጆች አባት ነኝ። ትምህርት ቤት የተውኩት ገና በአፍላነቴ ነው፤ የቀረውን ከመጻሕፍት ለቃቀምኩ፤ ልጆቼ ኃይለኛ ነው ይሉኛል፣ አልዋሹም። ዛሬ ሞምባሳ በባቡር ግማሽ ቀን አይፈጅም፤ ነሐሴ አንድ ቅዳሜ መዋሉን የእጅ ስልክ ይናገራል። በቀን የሚሳሳት ሰው ጠፍቷል፤ በሌላው ግን እንደ ድሮው እንሳሳታለን። እውነት የተናገረ ልጅ አይቀጣም የሚሉ ወላጆች አሉ። እኔ እቀጣለሁ፤ ግን አብሬ እሰግዳለሁ። ይህን እኔንም ጨምሮ ከእነዚያ አራት ትልልቅና ትንንሽ ኃጢአተኞች ተምሬዋለሁ፤ ልጆቼም ከእኔ ይወስዱታል ብዬ አምናለሁ።

ያ ጉዞ ያስከፈለን ይህ ነው፦ እኔን አርባ፣ እናቴን መቶ፣ አባቴን ሁለት መቶ፣ ጋሽ ደምሴን በየዓሣው መቶ፣ ሜሮንን ደግሞ ማንም ሳያዝዛት ከጎኔ እየተደፋች ሰባት፤ በድምሩ ስድስት መቶ አርባ ሰባት ስግደት።